ሰንጢ ወይስ ካራ? የታጣፊና የማይታጠፍ ቢላዋን ጥንካሬ ደረጃ በደረጃ ማወዳደሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፋሲካ ማለዳ፣ የቤታችንን ካራ ጎረቤት ተውሶት ስለነበር የታረደውን በግ ብልት ለማውጣት ከኪሴ የማልለየውን ሰንጢ መዘዝኩ። ቆዳውን ስገፍበትም ሆነ ሥጋውን ከአጥንት ስለይበት ምንም አልጎደለበትም፤ እንዲያውም ከካራው ይልቅ በእጄ ይታዘዝልኝ ነበር። የኋላ እግሩን ከዳሌው ለመለየት ስለቱን በመገጣጠሚያው መካከል ካስገባሁት በኋላ ግን ተቀረቀረብኝ። ለማስለቀቅ እጀታውን ወዲያና ወዲህ ስጠመዝዝ መቆለፊያው “ጠቅ” አለና ስለቱ ሌባ ጣቴ ላይ ታጠፈ። ሦስት ስፌት ተሰፋልኝ። ማታ ሰንጢውን ፈትቼ ሳየው ብረቱ አልተሰነጠቀም፣ ጫፉም አልጎበጠም፤ መቆለፊያው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ግን በደረቀ ሞራ ተሞልቶ ነበር።

“ከሁለቱ የትኛው ይጠነክራል?” ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ሳያመነታ “የማይታጠፈው ነዋ!” ይላል። መልሱ በአመዛኙ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ከሱቅ ፊት ለፊት ቆሞ አንድን ሰንጢና አንድን ካራ ይዞ ለሚያመነታ ሰው ብዙም አይጠቅመውም፤ ምክንያቱም ከአንዳንድ ሰንጢ የባሰ ደካማ ካራ አለ፣ ብዙ የማይጠየቅበት ሥራም አለ። የማይታጠፍ ቢላዋ ከጫፉ እስከ እጀታው ውስጥ ድረስ አንድ ወጥ ብረት ነው። ሰንጢ ግን ስለት፣ ፒን፣ ሮንዴላ፣ መቆለፊያና እጀታ ተገጣጥመው የሚሠሩበት ትንሽ ማሽን ስለሆነ፣ ጥንካሬው የሚለካው በደካማው ክፍሉ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው መንገድ ያንን ደካማ ክፍል ፈልጎ ለማግኘትና ሁለቱን ዓይነት ቢላዋዎች በእኩል ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ የሚረዳ ነው። የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ማስመሪያ (ከተገኘ ካሊፐር)፣ ትንሽ ማግኔት፣ ሞርሳ፣ ሁለት የጣውላ ቁራጮች፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ጠንካራ ገመድና ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ብቻ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የምን ጥንካሬ እንደሚፈልጉ ይወስኑ

ቢላዋ ላይ ጫና የሚያርፈው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። ገመድ፣ ካርቶን ወይም ሥጋ ስንቆርጥ ጫናው ከስለቱ ወደ ጀርባው ይሄዳል። በዚህ አቅጣጫ ሰንጢ ከካራ ብዙም አያንስም፤ ጫናው ስለቱን ይበልጥ ወደ መከፈት ስለሚገፋው የሚሸከመው መቆለፊያው ሳይሆን ስለቱ ተከፍቶ ሲያበቃ የሚያርፍበት ማቆሚያ ወይም የእጀታው ጀርባ ነው። ብረቱም ቢሆን በስፋቱ ቆሞ ስለሚሸከም በዚህ አቅጣጫ የሚሰበር ቢላዋ አይቼ አላውቅም።

ነገሩ የሚለወጠው ጫናው ከጀርባ ሲመጣ ነው። የተቀረቀረን ስለት ወደ ላይ ስንስብ ወይም በጫፉ ቀዳዳ ለመቦርቦር ስንታገል ሰንጢውን እንዲታጠፍ እየገፋነው ስለሆነ፣ በስለቱና በጣታችን መካከል ያለው መቆለፊያው ብቻ ነው። ሦስተኛው የጎን ጫና ነው፤ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ስንፈለቅቅ ወይም እኔ እንዳደረግሁት መገጣጠሚያ ውስጥ ስንጠመዝዝ የሚፈጠረው ይህ ነው፤ ለሁለቱም ዓይነት ቢላዋ ከባዱ ፈተናም እርሱ ነው። የመጨረሻው ድንገተኛ ምት ነው፤ ለምሳሌ ስለቱን እንጨት ላይ አስቀምጦ ጀርባውን በሌላ እንጨት እየመቱ መፍለጥ።

በወረቀት ላይ ቢላዋውን በእርግጥ የሚጠቀሙበትን ሥራ ይጻፉና ከየትኛው ጫና ጋር እንደሚያገናኘዎት አጠገቡ ያስፍሩ። ይህን ሳያደርጉ ወደ መለካት መሄድ ጭነቱ ሳይታወቅ መኪና እንደ መከራየት ነው።

ደረጃ 2፦ ብረቱን ይለኩ

የስለቱን ውፍረት በጀርባው በኩል፣ ከእጀታው በሚወጣበት ቦታ ላይ ይለኩ፤ ከዚያም በርዝመቱ መሀልና ከጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ደግመው ይለኩ። ስፋቱንና ከእጀታው እስከ ጫፉ ያለውን ርዝመትም ይመዝግቡ። ሰንጢ ከሆነ ርዝመቱ የሚቆጠረው ከመታጠፊያው ፒን መሀል ጀምሮ ነው፤ ይህንን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። አንድ ብረት በጎን ሲጎበጥ የሚሸከመው ጫና ከውፍረቱ ጋር አብሮ የሚያድገው በካሬው ነው፤ አልጎበጥም የማለት ግትርነቱ ደግሞ በውፍረቱ ኪዩብ ያድጋል። የስዊድኑን ሞራክኒቭ እንደ ምሳሌ እንውሰድ (ስሙ ሞራ ከምትባል ከተማ የመጣ እንጂ ሰንጢዬን ካበላሸው የበግ ሞራ ጋር ዝምድና የለውም)። ኮምፓኒየን የሚባለው ሞዴሉ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጋርበርግ የሚባለው 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ በዓይን ሲታይ ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ስፋታቸው እኩል ነው ብለን ብናሰላ፣ ወፍራሙ 1.64 እጥፍ ጫና ይሸከማል፣ ግትርነቱ ደግሞ ከ2 እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ሰንጢን ከባለ 4 ሚሊ ሜትር ካራ ጋር አወዳድሮ “ታጣፊ ደካማ ነው” ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በዚያ ውድድር ላይ ያሸነፈው ውፍረቱ እንጂ አለመታጠፉ አይደለም። የሚቻል ከሆነ ውፍረታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ቢላዋዎችን ይምረጡ፤ ካልሆነም ልዩነቱን በዚህ ስሌት አውጥተው ወደ ጎን ያስቀምጡት።

ጫፉን በተለይ ይመልከቱ። ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ቢላዋ ለመቁረጥ እጅግ ጥሩ ነው፤ የሚሰበረውም ብዙ ጊዜ ከዚያው ነው፤ በዚህ ረገድ ሰንጢና ካራ ልዩነት የላቸውም።

ደረጃ 3፦ የካራውን እጀታ ውስጥ ይመርምሩ

የማይታጠፍ ቢላዋ ሚስጥሩ ያለው በማይታየው ክፍሉ ነው። ከስለቱ ወደ ኋላ ቀጥሎ እጀታው ውስጥ የሚገባውን ብረት እዚህ “ጭራ” እለዋለሁ። ጭራው የእጀታውን ቅርጽ ይዞ እስከ መጨረሻው ከሄደና በሁለት ጎኑ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ከተለጠፈበት፣ ከጎን ሲያዩት የብረቱ መስመር ዙሪያውን ይታያል፤ ጥርጥር የማያስገባው አሠራር ይህ ነው። ጋርበርግን ጨምሮ በአንዳንዶቹ ጭራው በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከመጨረሻው ጫፍ ላይ ብቻ ብቅ ይላል። ኮምፓኒየን ላይ ደግሞ እጀታው መጨረሻ ሳይደርስ ይቆማል።

ጭራው የት እንደሚያበቃ ለማወቅ እጀታውን መስበር አያስፈልግም። ትንሽ ማግኔት በክር አንጠልጥለው ከስለቱ በኩል ጀምረው በእጀታው ላይ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት። ውስጡ ብረት እስካለ ድረስ ማግኔቱ ወደ እጀታው ዘንበል ይላል፤ ብረቱ ሲያልቅ ክሩ ቀጥ ይላል። ቦታውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ከእጀታው ርዝመት ግማሽ የማይደርስ ጭራ ካገኙ፣ ያንን ቢላዋ ለመቁረጥ እንጂ ለመፈልቀቅም ሆነ ለመፍለጥ አይመኩበት። ማግኔቱ የማይሳበው እጀታው ወፍራም ስለሆነም ሊሆን ይችላልና አስቀድመው የሚያውቁት ባለ ሙሉ ጭራ ቢላዋ ላይ ቢሞክሩት ግምትዎ ይስተካከላል።

ቀጭን ጭራ ሁሉ ደካማ ነው ማለት ግን አይደለም። በ1942 መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር የተቀበለውና በኋላ ካባር በሚለው ስም የታወቀው ቢላዋ፣ ስለቱ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ጭራው ቀጭን ነው፤ ነገር ግን ተደራርበው በተጠቀጠቁ የቆዳ ቀለበቶች መካከል አልፎ እስከ እጀታው ጫፍ ስለሚደርስና እዚያ ላይ ስለሚታሰር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሣጥን ሲከፈትበትና ጉድጓድ ሲቆፈርበት ኖሯል። ወሳኞቹ የጭራው ርዝመትና ጫፉ ላይ መታሰሩ ናቸው።

የአገራችን አንጥረኞች የሚሠሩት ካራ ብዙውን ጊዜ ሹል ጭራው ግሎ በእንጨት ወይም በቀንድ እጀታ ውስጥ የተሰካ ነው። እንዲህ ያለው ካራ ዋና ሕመሙ መላላት ነው። ስለቱን በጨርቅ ጠቅልለው በአንድ እጅ ይያዙና በሌላው እጀታውን ለማሽከርከርና ለመንቀል ይሞክሩ፤ ትንሽ እንኳን ከተነቃነቀ፣ ወይም እጀታውን በጣት አጥንት ሲያንኳኩት የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከሰጠ፣ ለጥንካሬ ሙከራ አይቅርብ። እጀታው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ቡናማ የዝገት ውሃ ካዩ ደግሞ ጭራው ውስጥ ለውስጥ እየተበላ ነው። ያን ቀን ጎረቤት የወሰደው የእኛ ካራ ሲመለስ ይህን ፈተና ወድቋል፤ እርሱም ቢሆን በዳሌው መገጣጠሚያ ውስጥ ቢጠመዘዝ እጀታው በእጄ ይቀር ነበር።

ደረጃ 4፦ የሰንጢውን መቆለፊያ ይወቁ

በመጀመሪያ መቆለፊያ አለው ወይስ የለውም? ብዙዎቻችን የምናውቀው ቀዩ የስዊስ ሰንጢ፣ ማለትም ባለ 91 ሚሊ ሜትሩ ቪክቶሪኖክስ፣ ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚይዘው የጀርባ ስፕሪንግ ብቻ ነው፤ ከጀርባው ሲጫኑት ይታጠፋል፤ የተሠራውም እንዲያ እንዲሆን ነው። ይህን ዓይነቱን ከጀርባ ጫና አንጻር ከካራ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። በመቁረጥ ብቻ ያወዳድሩት።

መቆለፊያ ካለው ዓይነቱን ይለዩ። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ከ1955 ጀምሮ ስለቱ ሥር የሚሽከረከር የብረት ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ሲዞር የመታጠፊያውን መንገድ ይዘጋል። አሠራሩ ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ ሆኖም እጀታው እንጨት ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ አብጦ ስለቱን አላስከፍት ይላል። በ1964 ለገበያ የቀረበው የአሜሪካኑ ባክ 110 ታዋቂ ያደረገው ዓይነት መቆለፊያው በእጀታው ጀርባ ላይ ነው፤ በስፕሪንግ የሚገፋ ዘንግ ጥርሱን ስለቱ ላይ ካለው ጎድጎድ ውስጥ ያስገባል። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ጎድጎዱ ንጹሕ ካልሆነ ጥርሱ በሙሉ አይገባም፤ የእኔን ጣት ያስቆረጠው ይኸው ነው። ዛሬ በየሱቁ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ከእጀታው የጎን ላሜራ አንዱ ተጎብጦ ከስለቱ ሥር የሚደገፍበት ነው። በዚህኛው ላሜራው የስለቱን ሥር ምን ያህል እንደሸፈነ ይመልከቱ፤ ጠርዙን ብቻ ነክቶ የቆመ ከሆነ በጠመዘዙት ቁጥር ሊያመልጥ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ተሻግሮ ማዶ የደረሰ ከሆነ ደግሞ አርጅቷል። የእጀታው ወፍራም ብረት ራሱ መቆለፊያ የሆነባቸው ሰንጢዎች ከዚህ ይሻላሉ፤ ሲጨብጡት እጅዎ ራሱ መቆለፊያውን ያጠብቃልና።

አሁን የመቆለፊያውን ሸክም እናስላ። በሰንጢ ላይ ከመታጠፊያው ፒን እስከ መቆለፊያው መደገፊያ ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ከፒኑ በ8 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ ስለቱን በሚያጥፈው አቅጣጫ የ15 ኪሎ ጫና ቢያርፍ፣ 15 በ80 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል መቆለፊያው ላይ 200 ኪሎ ያርፋል። አሥራ አምስት ኪሎ አንድ ሰው ሳይታወቀው በአንድ እጁ የሚያሳርፈው ጫና ነው፤ ሁለት መቶው ኪሎ የሚያርፈው ደግሞ ከምስር ፍሬ በማይበልጥ የብረት ጠርዝ ላይ ነው። በማይታጠፍ ቢላዋ ላይ ይኸው ጫና በብረቱ ሙሉ ስፋት ላይ ስለሚከፋፈል ጉዳዩም አይሆንም። በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ የጥንካሬ ልዩነት በዋናነት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ እኔ መቆለፊያን ከጥንካሬ አልቆጥረውም፤ ስህተት ስሠራ ጊዜ የሚሰጠኝ መጠባበቂያ አድርጌ ነው የማየው።

ደረጃ 5፦ በሞርሳና በጀሪካን ይፈትኑ

ይህ ሙከራ ቢላዋ ለመስበር የታሰበ አይደለም። ሁለቱን ተመሳሳይ ጫና አሸክሞ የሚተርፈውን መንሻፈፍ ማየት ነው ዓላማው። ልጆች በሌሉበት፣ ዓይንን በመነጽር ሸፍነው፣ ጓንት አጥልቀው ይሥሩ፤ ስለቱን በወፍራም ቆዳ ወይም በተደራረበ ፕላስተር ይሸፍኑት።

እጀታውን በሁለት የጣውላ ቁራጮች መካከል አድርገው በሞርሳ ያስሩ፤ ሰንጢን ከመጠን በላይ አያጥብቁ፣ ምክንያቱም እጀታው ከተጨመቀ መታጠፊያውም አብሮ ይጠብቅና ውጤቱን ያሳስታል። ስለቱ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ሰፊው ጎኑ ወደ ሰማይ ይሁን። ከጫፉ ጀርባ ካርቶን አቁመው ጫፉ ያለበትን ቦታ በቀጭን እርሳስ ያስምሩ። ከዚያ በሰንጢው ከመታጠፊያው ፒን፣ በካራው ደግሞ ከእጀታው አፍ በ6 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ገመዱን አስረው ጀሪካኑን ያንጠልጥሉ፤ ከወለሉ ከሁለት ጣት በላይ ከፍ አይበል፣ እግርዎም ከሥሩ አይሁን። በመጀመሪያ 1 ሊትር ውሃ ብቻ ያድርጉበትና አዲስ መስመር ያስምሩ፤ የሰንጢ የመጀመሪያ ላላነት የሚታየው በዚህ ነው። ቀጥለው እስከ 5 ሊትር ይሙሉት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግም።

ምን መጠበቅ አለብዎት? ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት በ5 ኪሎ ሲጫን ገመዱ ያለበት ቦታ ላይ የሚወርደው 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች። ወደ ጫፉ የሚሳሳ ቢላዋ ከዚህ ጥቂት ሊበልጥ ይችላል። ከዚህ እጅግ አብልጦ የወረደ ነገር ካዩ የጎበጠው ስለቱ ሳይሆን መታጠፊያው ወይም የላላው እጀታ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሰንጢው ስለት በጎን በኩል የሚደገፈው በሁለት ትንንሽ ሮንዴላዎች ስለሆነ፣ የሮንዴላው ስፋት 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 5 ኪሎው በ6 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ሮንዴላው ጠርዝ ላይ የሚያሳርፈው 30 ኪሎ ገደማ ነው።

የሙከራው ትልቁ ቁም ነገር ጀሪካኑ ከወረደ በኋላ ነው። ጫፉ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሰ? የራሴን ሁለት ቢላዋዎች ስፈትን ካራው (አዲስ እጀታ ካስገጠምኩለት በኋላ) መስመሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ሰንጢው ግን የእርሳሱን መስመር ውፍረት ያህል ዝቅ ብሎ ቀረ፤ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ደግሞ ተመለሰ። ይህ ማለት ብረቱ አልጎበጠም፣ ሮንዴላዎቹ መካከል ግን ክፍተት አለ ማለት ነው። በጣት ሲገፉት የማይመለስ ከሆነ ፒኑ ራሱ ጎብጧል።

ቀጥሎ መቆለፊያውን ይፈትኑ። ቢላዋውን አዙረው ጀርባው ወደ ላይ፣ የተሸፈነው ስለቱ ወደ ታች እንዲሆን በሞርሳው ያስሩትና ጀሪካኑን እዚያው 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ያንጠልጥሉ። በቀደመው ስሌት መሠረት መቆለፊያው አሁን 50 ኪሎ ያህል ተሸክሟል። እጅዎ ከስለቱ መንገድ ውጭ ይሁን። ለአንድ ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያ ጀሪካኑን አውርደው መቆለፊያው እንደ ቀድሞው በቀላሉ ይከፈት እንደሆነ ይመልከቱ። የሚነክስ፣ የሚጎተት ወይም የቀድሞ ቦታውን የለቀቀ ከሆነ ጥርሱ ተጎድቷል። ይህን ፈተና ያለፈ ሰንጢ ለዕለት ሥራ ይበቃል፤ እኔ ከዚህ በላይ አልጭንም።

የሰንጢን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ በኃይል እየደበደቡ መቆለፊያውን “የሚፈትኑ” ሰዎች አሉ፤ አልመክርም። ምቱ መቼም ተመሳሳይ ስለማይሆን ሁለት ቢላዋ አያወዳድርም፣ ጤነኛውን መቆለፊያም በየጊዜው ያደክመዋል፤ ከሁሉም በላይ መቆለፊያው ሲያመልጥ ጣት ያለው እዚያው ነው።

ደረጃ 6፦ የብረቱን ዓይነት በመጨረሻ ይዩ

ገዢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት የብረቱን ስም ነው፤ እኔ ግን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አመጣሁት። ተራም ይሁን ውድ፣ የቢላዋ ብረቶች ሁሉ ቅርጻቸው እኩል ከሆነ በትንሽ ጫና የሚጎብጡት እኩል ሊባል በሚችል መጠን ነው፤ ልዩነታቸው የሚታየው ሳይመለሱ መጉበጥ ወይም መሰበር በሚጀምሩበት ወሰን ላይ ነው። በሮክዌል ሲ መለኪያ 60ና ከዚያ በላይ የጠነከረ ስለት ስሉን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ሲጠመዘዝ ግን ከመጉበጥ ይልቅ መሰበር ይቀናዋል። ከ56 እስከ 58 ያለው ቶሎ ቶሎ መሳል ይፈልጋል፣ ነገር ግን ምት ይችላል። ብዙ ውድ ሰንጢዎች ወደ መጀመሪያው የሚያደሉት ሥራቸው መቁረጥ ስለሆነ ነው፤ ሰንጢዎ “ምርጥ ብረት” መሆኑ ለመፈልቀቅ ይጠነክራል ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ።

ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ካራ በተፈጥሮው ምት የሚችል ብረት ይዟል፤ ባሌስትራ የተሠራው ሕይወቱን ሙሉ እየጎበጠ እንዲመለስ ነውና። ሁለት ነገሮች ግን ያሰጋሉ። አንደኛው አሮጌ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው መቻሉ ነው። ሁለተኛው ካግለው በኋላ እንዴት እንደተነከረ አለማወቃችን ነው፤ ነክረውት ሲያበቁ በመጠኑ መልሰው ካላሞቁት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ጭራሽ ሳይነከር የቀረ ደግሞ እንደ ምስማር ይጎብጣል። ይህንን ለመለየት ከእጀታው አጠገብ፣ ለሥራ በማይውል የስለቱ ክፍል ላይ ደህና ሞረድ ቀስ ብለው ያስኪዱ። ሞረዱ እየተንሸራተተ በግድ ጭረት የሚያወጣ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንደ ምስማር እየፈረፈረ የሚበላው ከሆነ አልጠነከረም፤ እንደ መስታወት ላይ ምንም ሳይነካው የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠንክሯልና ከምት ይጠብቁት።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን ከሥራው ጋር ያገናኙ

በደረጃ 1 ወደ ጻፉት ወረቀት ይመለሱ። ሥራዎ በመቁረጥ የሚያበቃ ከሆነ፣ ሙከራውን ያለፈ ሰንጢ በቂ ነው፤ በኪስ መያዙ፣ አፎት አለመፈለጉ፣ ሰውንም አለማስደንገጡ ትርፍ ነው። በግና ፍየል ለመበለት ግን ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጭራው ረጅም የሆነ የማይታጠፍ ቢላዋ ይምረጡ። የበለጠ ወፍራም አያስፈልግም፤ ወፍራም ስለት መገጣጠሚያ ውስጥ መግባት ያቅተዋልና እጅ ወደ መጠምዘዝ ይገፋፋል። ሌላው ምክንያት ንጽሕና ነው፤ ደምና ሞራ የሰንጢ መታጠፊያ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፤ ይህ ደግሞ እንዳየነው የጤና ብቻ ሳይሆን የጥንካሬም ጉዳይ ነው። ማገዶ ለመፍለጥ ከሆነ ባለ ሙሉ ጭራ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ካራ፤ ከተቻለም መጥረቢያ። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰንጢ የለም፣ ሻጩ ምንም ቢምል። ለመፈልቀቅ ደግሞ ሁለቱንም ትተው ካቻቢቴ ያንሱ።

በውጭ አገር የሚኖር አንባቢ ከጥንካሬ በፊት የአገሩን ሕግ ማየት ይኖርበታል። ለምሳሌ በእንግሊዝ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት ውጭ ይዞ መንቀሳቀስ የሚፈቀደው የማይቆለፍና የስለቱ ርዝመት ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው፤ የሚቆለፍ ሰንጢ በሕጉ ፊት ከማይታጠፍ ቢላዋ ጋር አንድ ነው። እዚያ ያለ ሰው በኪሱ የሚይዘው በጥንካሬ ደካማውን ነው ማለት ነው፤ ደረጃ 4 ላይ ያለውን ስሌት ከማንም በላይ ሊያስታውሰው ይገባል።

የሙከራውን ካርቶን አይጣሉት። ከጀርባው ቀኑንና የእያንዳንዱን ቢላዋ መስመር ጽፈው ያስቀምጡት፤ በስድስት ወሩ ሰንጢውን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥበው፣ ጎድጎዱን በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጠርገው፣ ካደረቁት በኋላ መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጨምረው ያንኑ 5 ሊትር ያንጠልጥሉበት። መስመሩ ከቀድሞው ዝቅ ካለ የመታጠፊያውን ቪቴ በሩብ ዙር ያጥብቁና ደግመው ይለኩ፤ ስለቱ ሳይንገራገጭ በነፃነት እየታጠፈ መስመሩ ወደ ቦታው ከተመለሰ ሰንጢው ገና ይሠራል። ካልተመለሰ ወደ ወጥ ቤት መሳቢያ ይግባና ሽንኩርት ይክተፍበት።